የተጠገነው ጥገና
«ደርቲ ካው» ስለተባለው የሊኑክስ ከርነል ስሕተት የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብርሃ ጅራ፣ የሰሊጥ አዝመራ ሲሰበሰብ ከሚዛኑ አጠገብ አንድ መዝገብ አይታጣም። ከደጋ ወርዶ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ፣ ባለ እርሻው፣ ሰሊጡን የሚገዛው ነጋዴም ዐይናቸውን የሚጥሉት በዚያው መዝገብ ላይ ነው፤ ነገር ግን ማንም ብድግ ብሎ አይጽፍበትም። እኛ በልጅነታችን በምናውቀው አንድ መጋዘን የነበረው ልማድ እንዲህ ነበር፤ ማንበብ የፈለገ ዋናውን ገጽ ያነባል፤ በገጹ ላይ የራሱን ሒሳብ ሊያሰላ የፈለገ ግን ቅጂ ተጽፎ ይሰጠዋል። በቅጂው ላይ ቢሰርዝ ቢደልዝ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ዋናው እንዳለ ይኖራል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና አሠራርን መማር በጀመርን ጊዜ፣ ከርነል የተባለው የሥርዓቱ እምብርት ሜሞሪን ለብዙ ፕሮግራሞች የሚያካፍለው በዚሁ ሕግ መሆኑን ስናይ ያ መዝገብ ትዝ አለን። ይህ ሕግ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት ሊጣስ ይችል እንደነበረ ስናነብ ደግሞ ነገሩን ጠለቅ ብለን ለመመርመር ተነሣን።

ስለ ስሕተቱ በየአገሩ ብዙ ተጽፏል፤ ያንን መድገም ዓላማችን አይደለም። እኛ ልንመዝነው የፈለግነው ጥገናውን ነው። ጥገና ደራሲ አለው፤ ምክንያት አለው፤ ማብራሪያም ተጽፎለታል። ስለዚህ እንደ ማናቸውም ድርሰት ሊነበብ፣ ሊመሰገንና ሊነቀፍ ይገባዋል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሀ. ስሕተቱ ምን ነበር?

ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ጀመረው። ዛሬ ከታላላቅ የአገልግሎት ማሽኖች አንሥቶ በኪሳችን እስከምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ ድረስ የሚሠራው እርሱ ነው። ከርነሉ ሜሞሪን በገጾች ከፋፍሎ ይይዛል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች አንድ ገጽ 4096 ባይት ነው። ሁለት ፕሮግራሞች አንድን ፋይል ቢከፍቱ ከርነሉ ሁለት ጊዜ አያስቀምጠውም፤ አንዱን ገጽ ለሁለቱም ያሳያቸዋል። አንደኛው «ለራሴ ብቻ» ብሎ የወሰደውን ገጽ ሊጽፍበት በሞከረ ጊዜ ብቻ ቅጂ ይሠራለታል። ይህ ዘዴ «ሲጽፉ መቅዳት» ሊባል ይችላል። የእንግሊዝኛው ስም በአጭሩ ሲጻፍ «ላም» ተብሎ ስለሚነበብ፣ የተጻፈበት ገጽም በሞያው ቋንቋ «ያደፈ» ስለሚባል፣ ስሕተቱ «ደርቲ ካው»፣ ማለትም «ያደፈችው ላም» የሚል ስም ወጣለት። በይፋ የተመዘገበበት ቁጥር ሲ.ቪ.ኢ. 2016-5195 ነው።

አሁን ወደ መጋዘናችን እንመለስ። አንድ ሰው መልእክተኛ ይልካል እንበል። መልእክተኛው በያዘው ቁራጭ ወረቀት ላይ «ገጽ 7፤ ለመጻፍ» ተብሏል። መዝገብ ያዡ ገጹ ዋናው መሆኑን አይቶ ቅጂ ይሠራና በጠያቂው ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። ጠያቂው ግን በተለመደው መንገድ በዚህ ገጽ ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለውም፤ የመጣው በልዩ ፈቃድ ነው። ስለዚህ መልእክተኛው እንደገና ሲመጣ ወረቀቱ አሁንም «ለመጻፍ» የሚል ከሆነ መዝገብ ያዡ ደግሞ ይከለክለዋል፤ ምልልሱም ማለቂያ አይኖረውም። ይህን ለማስቀረት መዝገብ ያዡ አንድ አቋራጭ ዘዴ አበጀ፤ ቅጂው ከተሠራ በኋላ «ለመጻፍ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ላይ ይሰርዘዋል። «ቅጂው ተሠርቷልና ከእንግዲህ ቢጽፍም ጉዳት የለውም» ማለቱ ነው።

ቀዳዳዋ ያለችው እዚህ ላይ ነው። መልእክተኛው ቅጂውን ሊያነሣ በመንገድ ላይ ሳለ፣ የጠያቂው ባልንጀራ «ያ ቅጂ አያስፈልገንም፤ ይጣል» ብሎ ቢያስጥለው ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። መልእክተኛው ተመልሶ ወደ መዝገብ ያዡ ይመጣል። ወረቀቱ አሁን የሚለው «ገጽ 7» ብቻ ነው። መዝገብ ያዡም «ይህ ለማንበብ የመጣ ነው» ብሎ ዋናውን ገጽ ይሰጠዋል። መልእክተኛው ግን የተላከው ሊጽፍ ነው፤ በዋናው ላይ ይጽፋል።

በከርነሉ ውስጥ የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩ ፈቃድ ያልነው፣ አንድ ፕሮግራም ሜሞሪን እንደ ፋይል ከፍቶ እንዲጽፍበት የሚያስችለው መንገድ ሲሆን፣ የሌላውን ፕሮግራም ሥራ እየተከታተሉ ስሕተት ለሚፈልጉ መሣሪያዎች ይጠቅማል። የተሰረዘው ቃል «ፎል ራይት» የተባለው ምልክት ነው። ባልንጀራው ደግሞ «ይህን ገጽ አልፈልገውም» እያለ ለከርነሉ ደጋግሞ የሚያስታውቅ ሌላ የፕሮግራሙ ክር ነው። ሁለቱ ክሮች ብዙ ጊዜ ከተሽቀዳደሙ አንድ ጊዜ ይገጥማሉ። በዚህ ሽቅድምድም ያሸነፈ ተራ ተጠቃሚ፣ ሊያነበው እንጂ ሊጽፍበት ያልተፈቀደለትን የሥርዓቱን ፋይል ለውጦ የበላይ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር።

ለ. አንድ ጊዜ ተጠግኖ የፈረሰው

ስለዚህ ስሕተት ከሚያስደንቀው ነገር አንዱ በ2016 አዲስ አለመሆኑ ነው። ቶርቫልድስ ራሱ በ2005 ሊጠግነው ሞክሮ ነበር። ያ ጥገና ግን በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ ምክንያቱም ኤስ 390 በተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ታላቅ ማሽን ላይ ችግር አመጣ።

የችግሩ ሥር ለማስተዋል ቀላል ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች «ይህ ገጽ አድፏል» የሚለው ምልክት የሚገኘው ከርነሉ በሚመለከተው የገጽ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። በዚያ ማሽን ግን ምልክቱ የሚቀመጠው ከሠንጠረዡ ውጪ፣ ከራሱ ከሜሞሪው ጋር በተያያዘ ቁልፍ ዘንድ ነበር። ምልክቱን በሠንጠረዡ ውስጥ የሚፈልግ ጥገና በዚያ ማሽን ላይ የሚፈልገውን ሊያገኝ አይችልም።

ጥገናው በመፍረሱ ማንንም አንወቅስም። ለብዙዎች የሚሠራ ነገር ለጥቂቶች የማይሠራ ከሆነ መልሶ ማሰብ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳስባል። በ2007 ከወጣው 2.6.22 ቁጥር ካለው ከርነል ጀምሮ ቀዳዳዋ ክፍት እንደነበረች ይቈጠራል። በ2013 በወጣው በ3.9 ደግሞ ኤስ 390 ምልክቱን በሶፍትዌር በሠንጠረዡ ውስጥ መያዝ ጀመረ፤ ለመፍረሱ ምክንያት የነበረው እንቅፋት በዚያን ጊዜ ተነሣ። እንዲህም ሆኖ ቀዳዳዋ ሌላ ሦስት ዓመት ያህል ሳትደፈን ቆየች። እንቅፋቱን ያነሡት ሰዎች የሌላ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ «ይህ ሲነሣ ያንን መልሱ» የሚል ማሳሰቢያ በሚያዩት ቦታ አልተተወላቸውም።

ስሕተቱን በ2016 ወደ አደባባይ ያወጣው ፊል ኦስተር ነው። ያገኘውም ከርነሉን በማንበብ አልነበረም፤ ወደ ድረ ገጽ ማሽኑ የሚገባውን መልእክት ሁሉ እየቀዳ የማስቀመጥ ልማድ ነበረውና፣ አጥቂዎች ያስገቡትን ፕሮግራም ከዚያ መዝገብ ውስጥ አውጥቶ መረመረው። ጥበበኞች በሠሩት ኮድ ውስጥ የተሠወረውን ስሕተት የገለጠው መዝገብ መያዝን የማይሰለች ሰው ትጋት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሐ. የ2016ቱ ጥገና፤ የሚመሰገንበት

ቶርቫልድስ በጥቅምት 2016 የጻፈው ጥገና ከሃያ መስመር አይበልጥም። ሐሳቡም ግልጽ ነው። «ለመጻፍ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ላይ መሰረዙ ይቅር፤ ይልቁንም አጠገቡ «ቅጂ ተሠርቷል» የሚል አዲስ ምልክት ይጨመር አለ፤ ይህም «ፎል ካው» የተባለው ነው። መዝገብ ያዡም ይህን አዲስ ቃል ብቻ አምኖ ገጹን አይሰጥም፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ገጽ ማደፉን አይቶ ነው የሚሰጠው። ቅጂ ሲሠራ ሁልጊዜ አብሮ ያድፋልና፣ ቅጂው ተጥሎ በቦታው ዋናው ቢመጣ ንጹሕ ሆኖ ስለሚገኝ ማታለሉ ይታወቃል።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮችን እናመሰግናለን።

መጀመሪያ፣ ማብራሪያው የራስን ጥፋት አይሸሽግም። ጸሐፊው ስሕተቱ ጥንታዊ መሆኑን፣ ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊጠግነው ሞክሮ ሥራው መጥፎ እንደነበረ፣ ከዚያም ለምን እንደ ፈረሰ በጥቂት መስመር ይናገራል። በዓለም የታወቀ ሰው «ያበላሸሁት እኔ ነበርሁ» ብሎ በማይጠፋ መዝገብ ላይ ሲጽፍ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ማብራሪያው ዘመን መለወጡን ያሳያል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሽቅድምድም በሐሳብ ብቻ ያለ ይመስል ነበር። የሜሞሪው አያያዝ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ወደማካሄድ እያደገ ሲሄድ ግን በሐሳብ የነበረው በእጅ የሚደረስበት ሆነ። «ይህማ ሊሆን አይችልም» ተብሎ የተተወ ነገር ማሽኑ ሲፈጥን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የስሕተቱን ሥር በትክክል አገኘው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን ላጲስ አያስነኩንም ነበር። «የተሳሳትኸውን በአንድ መስመር ሰርዝ እንጂ አታጥፋ፤ ስትሳሳት ምን አስበህ እንደነበር ማየት አለብን» ይሉን ነበር። አሮጌው ኮድ ያደረገው ላጲስ መጠቀም ነው፤ የጠያቂውን ሐሳብ አጥፍቶ ሌላ ሐሳብ አስመሰለው። አዲሱ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይነካ የሆነውን ጨምሮ ጻፈ። ጥያቄ ሌላ ነው፤ የጥያቄው መልስ የደረሰበት ደረጃ ሌላ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መያዝ ስሕተቱን የወለደው ነገር ነው።

መ. የሚነቀፍበት

ነቀፌታችንም ከዚሁ ከምስጋናችን ይነሣል። ጥገናው ሁለት ነገሮችን በአንድ ምልክት ከመያዝ ቢያድነንም፣ በሌላ ቦታ ያንኑ ደገመው ብለን እናስባለን። ይኸውም «አድፏል» የሚለውን «የራሱ ቅጂ ነው» ለሚለው ምስክር አድርጎ ማቆሙ ነው።

«አድፏል» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገጹ ተጽፎበታል፣ ወይም እንደ ተጻፈበት ይቈጠር ማለት ነው። የማን ነው? ዋናው ነው ወይስ ቅጂው? ምልክቱ ስለዚህ ምንም አይናገርም። በ2016 በነበረው ኮድ ሁለቱ ነገሮች አብረው ስለሚሄዱ አንዱ በሌላው ሊመሰከር ቻለ። ነገር ግን አብረው መሄዳቸው ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም። በሌላው ክፍል የሚሠራ ሰው፣ በራሱ በቂ ምክንያት፣ ዋናውን ገጽ «አድፏል» ቢለው ስንኳን የሚከለክለው ደንብ አልተጻፈም። በመጋዘናችን ምሳሌ እንናገር፤ መዝገብ ያዡ «ቀለም የነካው ሁሉ ቅጂ ነው» ብሎ ወሰነ። ሌላው ጸሐፊ ግን ይህን ውሳኔ ሳያውቅ ዋናውን ገጽ ሲያነብ ጣቱን ቀለም ነክሮ ቢያሳርፍበትስ?

ይህ የሆነው በመላ ምት ብቻ አይደለም። የ2016ቱ ጥገና ግዙፍ ገጾች የሚባሉትን የሚመለከተውን ተመሳሳይ ፍተሻ ዘንግቶት ስለነበረ፣ ከርነሉ በእነዚህ ገጾች ላይ ማለቂያ በሌለው ምልልስ የሚያዝበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ይህንንም ኬኖ ፊሸር በጥር 2017 አስተካከለው። ማስተካከያው ያንኑ ዘዴ ወደ ግዙፎቹ ገጾች ወሰደ። በዚያ ክፍል ግን ገጹ ሲነካ፣ ለንባብ እንኳ ቢሆን፣ «አድፏል» የሚለውን ምልክት የሚያደርግ ኮድ ነበር። ስለዚህ በኅዳር 2017 ቢንዴሲ የተባለ ድርጅት መርማሪዎች፣ ቅጂ ሳይሠራ «አድፏል» የሚያሰኝ መንገድ መኖሩን አስታወቁ፤ ይህም ሲ.ቪ.ኢ. 2017-1000405 ተብሎ ተመዘገበ። ቀለም የነከረው ጣት በእርግጥ በዋናው ላይ አርፎ ነበር።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ማብራሪያው ነው። የራሱን ጥፋት ያልሸሸገው ጸሐፊ፣ ስሕተቱ ለአጥቂ በር የሚከፍት መሆኑን በግልጽ አልጻፈም። ቶርቫልድስ የደኅንነት ስሕተት ከሌላው ስሕተት ተለይቶ ሊታይ አይገባውም የሚል የታወቀ አቋም አለው፤ አቋሙም ከንቱ አይደለም፤ ተራ የሚመስለው ስሕተት ነገ አደገኛ ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም ማብራሪያውን የሚያነበው የከርነሉ ባለሞያ ብቻ አይደለም። በሩቅ አገር ሆኖ «ይህን ጥገና ዛሬ ልውሰድ ወይስ ለከርሞ ይቆይ?» ብሎ የሚወስን የስልክ ሠሪ መሐንዲስም ያነበዋል። ለዚያ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር የሚያሳንስ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ብርቱ መከራከሪያ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን። «በጥቅምት 2016 አጥቂዎች በስሕተቱ እየተጠቀሙ ነበር፤ ቤት ሲቃጠል የቤቱን ንድፍ አይነቅፉም፤ ትንሽና ፈጣን ጥገና ያስፈለገው ለዚህ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም በዚያ ቀን ከዚህ የተሻለ ይሠራ ነበር አንልም። የምንለው፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ «ይህ ምስክር ጊዜያዊ ነው፤ በዚህ ሐሳብ ላይ ቆሟል» የሚል ጽሑፍ «አድፏል»ን በሚያበሩት ክፍሎች ሁሉ ደጃፍ ሊሰቀል ይገባው ነበር ነው። የ2005ቱ ጥገና ሲፈርስ ማሳሰቢያ ባለመተዉ የደረሰው ጉዳት ገና ትኩስ ነበርና።

ሠ. የ2022ቱ ጥገና

ነገሩ አምስት ዓመት ዝም ካለ በኋላ እንደገና ተነሣ። በ2022 መጀመሪያ በወጣው በ5.16 ከርነል ውስጥ፣ በሜሞሪ ብቻ የሚቀመጡ ፋይሎችን የሚመለከት አንድ ክፍል፣ በራሱ ምክንያት ገጾችን ያለ ቅድመ ሁኔታ «አድፏል» ብሎ መሰየም ጀመረ። የለወጠው ሰው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ በሩቅ ያለ ሌላ ክፍል ምልክቱን ለምስክርነት እንደሚጠራው የሚያስታውሰው ግን አልነበረም። በነሐሴ 2022 ዳቪድ ሂልደንብራንድ የተባለ የሬድ ሃት መሐንዲስ ላሟ በእነዚህ ፋይሎች በኩል ተመልሳ መምጣቷን አስታወቀ፤ ቁጥሩ ሲ.ቪ.ኢ. 2022-2590 ነው።

የሂልደንብራንድ ጥገና በእኛ ግምት ከቀደሙት ሁሉ ይበልጣል። አዲስ ምስክር ከመጨመር ይልቅ አሮጌውን ምስክር አሰናበተ፤ «ፎል ካው» የሚለውን ምልክት ከነጭራሹ አስወገደው። በእርሱ ፈንታ ከርነሉ በዚያው ዓመት ያገኘውን አዲስ ምልክት ተጠቀመ፤ ይህም «ገጹ የዚህ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ከማንም ጋር አይጋራውም» የሚል ነው። ጥያቄው «ገጹ የራሱ ነውን?» ነበር፤ መልሱም አሁን «የራሱ ነው» ወይም «አይደለም» ሆነ። «ቀለም ነክቶታልና የራሱ ሳይሆን አይቀርም» የሚለው አነጋገር ቀረ።

ለፍትሕ ያህል መናገር የሚገባን፣ ይህ ምልክት በ2016 አልነበረም፤ እርሱን ለማምጣት በመካከሉ ብዙ ሥራ መሠራት ነበረበት። ስለዚህ የ2022ቱን አመስግነን የ2016ቱን ስንነቅፍ ጊዜን ረስተን አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የሚታየውን ልዩነት ለማሳየት ብቻ ነው፤ አንደኛው ነገሩን በጎረቤቱ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ነገሩን በራሱ ያውቀዋል።

ረ. ጥገናውና አብርሃ ጅራ

እስከዚህ ያልነው ሁሉ ጥገናው በተጻፈበት ቦታ ያለውን ዋጋ ይመለከታል። በደረሰበት ቦታ ያለው ዋጋስ?

ባለፈው ዕረፍት ወደ አብርሃ ጅራ በወረድን ጊዜ የአጎታችንን ስልክ ተቀብለን መረመርነው። በሁለተኛ እጅ የተገዛ አንድሮይድ ነው፤ የከርነሉ ቁጥር 3.10፣ የደኅንነት ማስተካከያው ቀን ደግሞ ሐምሌ 2016 ይላል። ይህም ማለት የጥቅምቱ ጥገና ከተጻፈ ወዲህ ስልኩ ምንም አልተቀበለም። ጥቃት ሞክረንበት አይደለም፤ ቁጥሩና ቀኑ ግን ራሳቸው ይናገራሉ። አጎታችን ፊታችን መለወጡን አይተው «ምን ሆነ? ይጠራል፤ ይሰማል፤ የሰሊጡም ገንዘብ በዚሁ ይገባል። ምን ጎደለው?» አሉን። የምንመልሰው ቸገረን። ለዐይን የሚታይ አንዳች ጉድለት የለውማ!

ጥገናው ከቶርቫልድስ እጅ ወጥቶ ወደ አጎታችን ለመድረስ ብዙ በሮችን ማለፍ አለበት። ጎግል በ2016 መጨረሻ ለአንድሮይድ ባወጣው የደኅንነት ማስታወቂያ ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲያ የቺፕ ሠሪው ለራሱ ከርነል ያስማማዋል፤ ስልክ ሠሪው ለእያንዳንዱ ሞዴል ያዘጋጀዋል፤ በመጨረሻም በኢንተርኔት ወደ ባለቤቱ ይላካል። ስልኩ ርካሽና አሮጌ ከሆነ ሠሪው ገና በመንገድ ይተወዋል። የመጨረሻው በርም ቢሆን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን።

አደጋው በቃል ብቻ ያለ አይደለም። ጥገናው ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም 2017፣ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ድርጅት በዚሁ ስሕተት የሚጠቀም «ዝኒዩ» የተባለ ጎጂ የአንድሮይድ ፕሮግራም ከ40 በሚበልጡ አገሮች መገኘቱን አስታውቋል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በጨዋታ ወይም በሌላ ተራ መተግበሪያ ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል። በአብርሃ ጅራም ሆነ በመተማ ገበያ መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ በእጅ የሚተላለፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ ለብዙዎቻችን የገንዘብ ከረጢት ሆኗል። የዓመቱን የሰሊጥ ድካም ዋጋ በዚህ ከረጢት የሚይዝ ሰው፣ ከረጢቱ ሲሠራ የቀረችውን ቀዳዳ ሊያያት አይችልም።

ለዚህ ከርነሉን የጻፉትን ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ጥገና የሚለው ቃል ሲነገር የት ድረስ እንደሚዘልቅ መጠየቅ ይገባናል። በሄልሲንኪ የተጀመረው ሥራ አብርሃ ጅራ መድረሱ እውነት ከሆነ፣ የሥራው እርማትም እስከዚያው ሊከተለው ይገባል፤ አለዚያ ስሕተቱ ተጓዥ፣ እርማቱ ግን ቤተኛ ሆኖ ይቀራል።

መደምደሚያ

ካነበብነው ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሊኑክስ ከርነል ኮድና የጥገናዎቹ ማብራሪያ ሁሉ ለማንም ክፍት ነው። በትምህርት ክፍላችን ኮድ መጻፍን እንማራለን፤ የተጻፈን ጥገና አንብቦ መመዘንን ግን ገና አልለመድንም። በሳምንት አንድ ጥገና መርጠን ብናነብ፣ ስለ እያንዳንዱም ሦስት ነገሮች ብንጠይቅ ብዙ እናተርፋለን። ጥገናው የተደገፈበት ምልክት የሚመሰክረው ስለ ነገሩ ስለራሱ ነው ወይስ ስለ ጎረቤቱ? ነገ የሚያፈርሰው ወይም የሚለውጠው ሰው ምክንያቱን የሚያገኝበት ማሳሰቢያ ተትቷልን? በመጨረሻም የማን እጅ ይደርሳል?

በነዚህ መለኪያዎች ስንመዝነው የ2016ቱ ጥገና በመጀመሪያው ጎደለ፤ በሁለተኛው ለቀደመው ጥፋት ታመነ እንጂ ለሚመጣው አላስጠነቀቀም፤ በሦስተኛው ደግሞ ጉድለቱ የጸሐፊው ሳይሆን የመንገዱ ነው። የ2022ቱ በመጀመሪያው ተሻሻለ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን አሁንም መልስ ይጠብቃል፤ መልሱም ከሄልሲንኪ ብቻ የሚመጣ አይመስለንም። በእጃችን ያለውን ስልክ ከፍቶ የጥገናውን ቀን ማየት፣ ለቤተ ሰብም ማስረዳት እኛ ልንጀምረው የምንችል ሥራ ነው።

ለአጎታችን በመጨረሻ የመለስንላቸው በመዝገቡ ምሳሌ ነበር። «ይህ ስልክ እንደ መጋዘኑ መዝገብ ነው፤ ነገር ግን የማያውቁት ሰው ዋናው ገጽ ላይ ሊጽፍበት ይችላል» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «ታዲያ መዝገብ ያዡ ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ጥያቄ ነው።